ጎል ያልቀናው ፈረንሳዊ

ሌላው ሰው የሚወደውን ተጫዋች የሚመርጠው በጎሉ ብዛት ነው፤ እኔ የመረጥኩት ልኬ ስለሆነ ነው። መርካቶ ሰልባጅ ተራ፣ ከተከመረ ልብስ ውስጥ እጄን ከትቼ ስጎረጉር አንድ ቢጫ ማልያ ተጎትቶ ወጣ። ጀርባው ላይ አሥራ ዘጠኝ ቁጥርና ምላስ የሚያስር የፈረንጅ ስም ታትሞበታል። ለካሁት፤ ልክክ አለ። ሻጩ "የትልቅ ተጫዋች ነው፣ የፈረንሳይ ነው" ብሎ ማለልኝ። የሰልባጅ ነጋዴ የማይምልበት ነገር እንደሌለ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ገና ጎረምሳ ነበርኩና ደረቴን ነፍቼ ሰፈር ገባሁ።

ሰፈር ውስጥ ስሙን የሰማ አንድ ሰው ጠፋ። የጓደኞቼ ጀግኖች በየሳምንቱ ቪዲዮ ቤቱን ያናውጡታል፤ የእኔው ሰውዬ መኖሩም ያጠራጥር ነበር። ሲብስብኝ አንድ የኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራም ላይ ደወልኩ። በዚያ ዘመን ጋዜጠኞቹ የአንድ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ሲተርኩ፣ ከኋላ ሙዚቃ እያስገቡ፣ ድምፃቸውን አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ እያደረጉ፣ ተሳፋሪው ከታክሲ መውረድ እስኪጠላ ድረስ ያንሰፈስፉት ነበር። የእኔንም ሰው እንዲህ እንዲተርኩልኝ ጠየቅኩ። አዘጋጁ ስሙን ደጋግሞ አስጠራኝ። ከዚያ "አድማጫችንን እናመሰግናለን፣ ወደ ሙዚቃ እንለፍ" አለ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ኖሯል፤ ሳምንቱን ሙሉ ባየሁት ሰው አፍ "ወደ ሙዚቃ እንለፍ" ነበር የምባለው።

እልህ ያዘኝ። ኢንተርኔት ቤት እየተቀመጥኩ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የሰውዬውን ሕይወት ከፈረንሳይኛ ጋዜጦች ቆፍሬ አወጣሁት። ሌላው ልጅ ለማትሪክ ሲያጠና እኔ እሱን አጠናሁ። ውጤቴም እንደ ጥናቴ ሆነ።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከሰል ሲወጣባት ኖሮ ከሰሉ ባለቀባት ትንሽ ከተማ ተወለደ። አንድ የባሕር ዳርቻ ክለብ ገና በልጅነቱ ወሰደው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጎል በጎል ሆነና ጋዜጦቹ "ተስፋ የተጣለበት" አሉት። ይቺን ቃል ፍሯት፤ እኔንም ሰፈር ውስጥ ብለውኝ ያውቃሉ። ከዚያ ትልቅ ክለብ ገዛው፣ ግን ከእሱ የሚበልጥ አጥቂ ስለነበረው ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ወንበሩን ሲለምደው ጉልበቱ ታመመ። ጉልበቱ ሲሻለው ቢጫ ማልያ ለሚለብስ ክለብ በውሰት ሰጡት፤ የእኔ ማልያ ከዚያ የመጣ ነው። እዚያ የውድድር ዓመቱን በሙሉ አንድ ጎል አገባ፤ እሱም ተከላካይ ያራቀው ኳስ ጀርባው ላይ ነጥሮ ነው፣ ልክ አሥራ ዘጠኙ ላይ። ከዚያ ቤልጅየም ሄደ፣ ከቤልጅየም ግሪክ፣ ከግሪክ ካርታ ላይ ፈልጌ ያጣኋት አንዲት ደሴት። በመጨረሻ የትውልድ ከተማው ትንሽ ክለብ ተቀበለውና እዚያው ጫማውን ሰቀለ።

የመጨረሻ ጨዋታውን አሁን አልነግራችሁም፤ በኋላ ይመጣል።

የእኔም የአጥቂነት ሕይወት ከእሱ ብዙ አይርቅም። አሰልጣኛችን መኪና ጠጋኝ ነበርና እንደ መኪና ነበር የሚያየኝ፤ "አንተ ዝም ብለህ ሩጥ፣ ኳሷን ለሌሎቹ ተውላቸው" ይለኝ ነበር። ማልያውን ለብሼ እሮጣለሁ። ተከላካዮች ያባርሩኛል፣ ኳሷ ሌላ ቦታ ናት። ትልቁ ድሌ ተቀይሬ ስወጣ ሕዝቡ ያጨበጨበልኝ ቀን ነው፤ ለገባው ልጅ እንደሆነ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ጆሃንስበርግ ስመጣም ማልያው ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ ማልያና ኮፍያ የምሸጥበት ትንሽ ቦታ ያዝኩ። ያልሸጥኩት ጀግና የለም፤ የእኔን ሰው ግን የጠየቀኝ የለም። ስለ እሱ ያልነገርኩት ጎረቤትም ስላልነበረ "ፈረንሳዩ" የሚል ስም ወጣልኝ። ይሄ ስም ጣጣ አመጣብኝ፤ የኮንጎ ሰዎች ቋንቋችንን የሚያወራ ሰው አገኘን ብለው እየሳቁ ይመጣሉ። በፈረንሳይኛ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ የማውቀው ግን "የጉልበት ጉዳት"፣ "የውሰት ዝውውር" እና "ተቀያሪ ወንበር" የሚሉትን ብቻ ነው። አንዷ እናት እነዚህን ስትሰማ አዝና ፀለየችልኝ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ጋሼ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ሎኬሽን በሚሉት የከተማ ዳር ሰፈር፣ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ፣ ስፓዛ የሚባል ትንሽ ሱቅ አላቸው፣ ዳቦና ስኳር፣ ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ፣ የበቆሎ ዱቄት የሚሸጡበት። እዚህ አገር እንደመጣሁ በራቸውን አንኳኩቼ የገባሁ እንግዳ ነኝ፤ አስጠግተው፣ አብልተው፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ አቁመው ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፣ ግን ከዘመድ በላይ ናቸው። የጴንጤ ሽማግሌ ናቸው፣ ኳስ ደግሞ ዕድሜ መግደያ ነው ባይ ናቸው። አንዴ በግድ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጫቸው ጨዋታ ስናይ፣ ዳኛውን በጣታቸው እያሳዩ "ይሄ ለብቻው ሌላ ቀለም የለበሰው ሰውዬ ምስኪን ነው፣ ማንም ኳስ አይሰጠውም" አሉኝ። ከኳስ ዓለም የሚያውቁት አንድ ቃል "ላዱማ" ነበር። እዚህ አገር ጎል ሲገባ ሕዝቡ "ላዱማ!" ብሎ ነው የሚጮኸው፤ የሎኬሽኑ ሰው ሁሉ ሲጮህ ጋሼ መስኮታቸውን ከፍተው "ምን ተቃጠለ?" ብለው ሲጠይቁ ደንበኞቻቸው ያስተማሯቸው ነው።

ኮሮና መጣና አገሩ ተዘጋ። የእኔ ማልያ ለሕይወት የሚያስፈልግ ዕቃ አይደለም ተባለ። መንግሥት ባይናገረውም አውቀው ነበር፣ ግን በይፋ ሲነገር ሆድ ያስብሳል። ጋሼ ምግብ ሻጭ ስለሆኑ ፈቃዳቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው ይሠሩ ነበር። እኔ ሜይፌር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ማልያ ማጠፍና መዘርጋት ሆነ ሥራዬ። በዓለም ላይ ኳስ ቆመ። ሌላው ሰው የናፈቀው የሚጫወቱትን ነው፤ እኔ የምወደው ሰው ጫማ ከሰቀለ ስለቆየ ምንም የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። በዚህ ብቻ ከሰፈሩ ሁሉ በልጬ ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ክረምት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰሞን፣ ጋሼ ታመሙ።

የሰማሁት ከሌላ ባለሱቅ ነው። ሱቁን ዘግተው ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ፣ በዱቄት ጆንያና በለስላሳ ሳጥን መካከል ብቻቸውን ተኝተዋል። ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ፈላልጌ ዳቦ ከሚያደርስ መኪና ጋር ሄድኩና በኋላ በር ፍርግርግ አሾልኬ ሰጠኋቸው። ያን ግዙፍ ሰውዬ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ግድግዳ ይዘው ሲመጡ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ማስክ ማድረጌ በጀኝ።

"ሆስፒታል እንሂድ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ" አልኳቸው።

"አልሄድም ወንድሜ። ጎረቤቴ ሄዶ አልተመለሰም። እዚሁ ጌታ ያውቃል" አሉ። በየሁለት ቃሉ መሃል ትንፋሽ ይፈልጉ ነበር።

ከእሳቸው ቸርች የሆነች አንዲት ነርስ በስልክ ሥርዓት አወጣችልን። በሆዳቸው ይተኙ፣ የመለኪያው ቁጥር እንዳይወርድ ይታይ፣ ቀን ቀን ስልኩ አይዘጋ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው መስመር ላይ ሆኖ ያናግራቸው አለች። "ዋናው ነገር መልስ እንዲሰጡ አድርጉ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትንፋሻቸው ሳይቆረጥ መጨረስ ካቃታቸው፣ እሺ አሉም እምቢ አሉም አምቡላንስ ትጠራላችሁ" አለችን። ተራ ተከፋፈልን። ጠዋት ፓስተራቸው ቃል ያካፍላቸዋል፣ እኩለ ቀን ላይ አንዲት የመዘምራን እህት ትዘምርላቸዋለች፣ ከሰዓት በኋላ የእኔ ተራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደወልኩና አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩላቸው። ወዲያው አለቀ። እኔ ከዚያ ያለፈ በቃሌ የምወጣው ነገር የለኝም።

"ቀጥል" አሉኝ።

ምን ልቀጥል? ስለ ገበያ እንዳላወራ ገበያ የለም። ስለ ሰው እንዳላወራ የሰው ወሬ ሁሉ ሞት ነው። ፓስተሩ መጽሐፍ አለው፣ እህታችን ድምፅ አላት፤ እኔ በዚህች ምድር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ለማንም ረብቶ አያውቅም። ምን ይደረግ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ያን የኤፍኤም ጋዜጠኛ ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ "በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከሰል ባለቀባት አንዲት ትንሽ ከተማ..." ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ የሚገባውንም ሙዚቃ በአፌ አስገባሁት።

"ምንድነው የሚያቃስተው?" አሉ ጋሼ።

"ሙዚቃው ነው።"

"እሺ፣ እሱን ቀንሰው።"

እንዲህ ሆኖ የሰውዬው ሕይወት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መተረክ ጀመረ። በየመሃሉ እያቆምኩ "ጋሼ፣ የት ደርሰናል? በሙሉ ዓረፍተ ነገር" እላለሁ። እሳቸውም "ልጁን ትልቅ ቤት ወስደው ወንበር ላይ አስቀመጡት" ይላሉ። እኔ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ የማዳምጠው ቃሉን ሳይሆን በቃሉ መካከል ያለውን ነበር።

ጋሼ ስለ ተቀያሪ ወንበር አልገባቸውም። "ለምን ቁጭ ይላል? ሥራ ፈልጎ አይሄድም?" ይላሉ። ጉልበቱ ሲታመም አዘኑለት፣ ከልባቸው አዘኑለት። ግን ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ዛሬስ ጎል አገባ?"

"አላገባም ጋሼ።"

"አንድ እንኳ ስጠው እንጂ። አንተ አይደለህ የምታወራው?"

እዚህ ላይ የእኔ ድርቅና ይመጣል። ሰው ነፍሱ በአፍንጫው ሆና አንድ ጎል ይለምነኛል፤ እኔ ግን "ታሪክ ነው ጋሼ፣ ታሪክ አይነካም" እላለሁ። በዓለም ላይ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ብዋሽ የሚይዘኝ የለም። ቢሆንም አልቻልኩም። ሰውዬውን ሌላ ሰው ሁሉ ረስቶታል፤ እኔም ሌላ ሰው ካደረግኩት ምን ቀረለት? እንዲህ እያልኩ ራሴን አስከብር ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ቀን ፓስተራቸው ደወለልኝ። እጅግ ትሁት በሆነ ድምፅ "ወንድም፣ ያ ፈረንሳይ አገር ያለው ወንድማችን ጉልበቱ እንዴት ሆነለት?" አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ጋሼ ጠዋት ጠዋት በስልክ የሚፀልየው ኅብረት ላይ የፀሎት ርዕስ አስይዘውታል። ወረቀት የሌለው፣ ከቤቱ የራቀ፣ አለቃው ፊት የነሳው ስደተኛ የሆነ የእኔ ዘመድ መስሏቸው፣ ከሶዌቶ እስከ ኮዝሞ ሲቲ ያሉ ባለሱቆች ጉልበቱን በጌታ ስም ሲገሥጹ ሰንብተዋል። ሁለት እህቶች ጾመውለታል። ያ ጉልበት ከዳነና ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ግን የጾሙት እህቶች አንጀቴን በሉት።

"ተሽሎታል ፓስተር" አልኩ። ውሸትም አይደለም።

በማግስቱ በመስመሩ ላይ እልልታ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ሰውዬው በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ የተደሰተለት ሕዝብ እንዳልነበረ እኔ ምስክር ነኝ።

ጋሼ ግን አልተሻላቸውም። ዓረፍተ ነገራቸው በየቀኑ እያጠረ መጣ። ቤልጅየም ስንደርስ በአምስት ቃል ይመልሱልኝ ነበር፣ ግሪክ ስንደርስ በሁለት፤ አጭር ቢሆንም ስላልተቆረጠ አምቡላንስ አልጠራሁም። ደሴቲቱ ላይ "እህ" ብቻ ሆነ። ያን ቀን ከሰዓት የመለኪያውን ቁጥር በጭንቅ ሲያነቡልኝ፣ ነርሷ ከዚህ አይውረድ ያለችው ቁጥር ላይ ደርሶ ነበር። ሌላ ስልክ ተውሼ የአምቡላንሱን ቁጥር ከፍቼ በግራ እጄ ይዣለሁ። ፈርቼ ነበር። እዚህ አገር ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከሄዱ ከዚህ በኋላ ሲከፋኝ በማን በር እንደምገባ አላውቅም ነበር።

"ጋሼ፣ የት ደርሰናል?"

ትንፋሽ ብቻ።

"ጋሼ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር። አለዚያ እደውላለሁ።"

አሁንም ትንፋሽ ብቻ። የቀረኝ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። እሱን ጀመርኩት። እናቱ ተመልካቹ መሃል ተቀምጣለች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ተቀይሮ ገባ፣ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፣ ይሄኛው በእርግጥ ለእሱ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ግብ ጠባቂው ወጥቶ ወደቀና ኳሷ ተንከባልላ እግሩ ሥር መጣች። ፊቱ ባዶ ጎል ነው። ማንም የለም። ሕይወቱን በሙሉ የጠበቃት ኳስ ናት። መታት። ወደ ሰማይ። በአግዳሚው ላይ አልፋ ከመኪና ማቆሚያው ገባች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አለቀ።

ዝም አሉ። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። አውራ ጣቴ የአምቡላንሱ ቁጥር ላይ ነበር።

"ምን ማለትህ ነው?" የሚል ድምፅ ከስልኩ ወጣ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ታምሜ ተኝቼ፣ ቸርቹን በሙሉ አስነሥቼ፣ ሁለት ሴቶች እህል ሳይቀምሱ ጉልበቱን አስፈውሼለት፣ ባዶ በር ፊት አቁመውት ወደ ሰማይ ይለጋል? እናቱ ፊት?"

በአንድ ትንፋሽ ነው። አንዴም ሳይቆርጡ። ደግመው እንዲሉት ለመንኳቸው፣ ደገሙት፣ በዚህኛው ላይ ስድብም ጨመሩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ እሳቸው ለሰውዬው ያለቀስኩ መሰላቸውና "ተወው፣ አይረባም" እያሉ አጽናኑኝ።

መድኃኒቱ ንዴት ነው አልልም፤ ነርሷም ብትሰማኝ ትቆጣኛለች። ምናልባት በሽታው በራሱ ቀን ሊለቃቸው ነበር። እኔ የማውቀው ከዚያ ቀን በኋላ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣቱን፣ ጋሼም በየቀኑ ሰውዬውን እየሰደቡ ዓረፍተ ነገራቸው መርዘሙን ነው። ሱቃቸውን ሲከፍቱ ለመጀመሪያው ደንበኛ ከዳቦው ጋር ባዶ ጎል ስለሳተ ሰውዬ ነገሩት። በዚያ ሰሞን ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ የእኔ ሰው ታዋቂ ሆነ፤ በመሳቱ።

እኔስ? እኔ ማስክ አድርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ ከሰው ርቄ፣ ጋሼ በዳኑ በወሩ ታመምኩ። የት እንደያዘኝ አላውቅም። ተቀይሬ ገባሁ ማለት ነው።

ክፍሌ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ያ መለኪያ ተመልሶ መጥቶ የእኔ ጣት ላይ ተሰካ። የነርሷ ሥርዓት ያው ነው፣ ተራውም ያው ነው፣ የከሰዓት በኋላው ግን ጋሼ ሆኑ። ሱቃቸውን ክፍት አድርገው፣ ስልኩን የዱቄት ጆንያ ላይ አስደግፈው፣ ዳቦ እየሸጡ ያወሩኛል። የሚያወሩኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሰውዬውን ሕይወት!

"በሰሜን ፈረንሳይ" ብለው ጀመሩ፣ ሙዚቃውንም አስገቡ። የእሳቸው ሙዚቃ ከእኔ ይከፋል።

ጉድ ፈላ። ከሰል ሻጭ ነበር አሉ። ትልቁ ክለብ ሲወስደው አሰልጣኙ ወንበር ላይ አስቀመጠው፣ ኋላ ግን ልቡ ተሰብሮ ይቅርታ ጠየቀው። ጉልበቱ በጾም ተፈወሰ። ግሪክ ውስጥ በግንባሩ አገባ፣ ደሴቷ ላይ በግራም በቀኝም አገባ፣ አንድ ቀንማ ያ ለብቻው የሚለብሰው ምስኪን ሰውዬ ራሱ ኳስ አቀበለው።

"ጋሼ፣ እሱ ዳኛ ነው!" አልኩ እያሳለኝ።

"አንተ በሽተኛ ነህ፣ ዝም ብለህ ስማ። ሰላም ማይ ፍሬንድ፣ ኤርታይም የስንት?" ይሄ የመጨረሻው ለደንበኛ ነው።

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት በመዝገበ ቃላት የለቀምኩትን ታሪክ አንድ ሽማግሌ ዳቦ እየሸጠ ያፈርስብኛል። ላርመው እሞክራለሁ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ዝም እላለሁ። ከዚያ ዝም ማለቴ በዛ። አንድ ከሰዓት ቁጥሩን አንብብ ሲሉኝ አነበብኩ፣ እሳቸውም ደግመህ አንብብ አሉ። ሌላ ስልክ በእጃቸው እንዳለ አወቅሁ። እንዴት አላውቅ፣ እኔም ይዤው ነበር።

ማልያውን ትራሴ ላይ ዘርግቼው ነበር፤ ለብርዱ ነው እያልኩ። ጋሼ ወደ መጨረሻው ጨዋታ ገቡ። ዛሬ አልቀለዱም፣ ሙዚቃም አላስገቡም። እናቱን አስቀመጡ፣ ሰዉን አስነሡ፣ ግብ ጠባቂውን ጣሉት፣ ኳሷን እያንከባለሉ እግሩ ሥር አመጡለት። እዚያ ላይ አቆሙ።

"እና ምን ሆነ?" አሉኝ። "አንተ ነህ የምታውቀው። በሙሉ ዓረፍተ ነገር።"

እውነቱ አጭር ነው፣ ሁለት ቃል ነው፤ ያችን ለማለት የሚበቃ ትንፋሽ ነበረኝ። ግን ሞት ፈርቼ ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ከሰል ባለቀባት ከተማ ያ ሰውዬ አንድ ጊዜ እንኳ ይሁንለት ብዬ እንደ ልጅ ተመኘሁ። ማልያውን ጨብጬ ያለኝን አየር ሁሉ ሰበሰብኩ።

"አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ለባሹ ኳሷን በቀኝ እግሩ ለግቶ መረቡ ውስጥ አስገባት፤ እናቱም አየች" አልኩ።

አልተቆረጠም። ጋሼ ሲያዳምጡ ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉን ሳይሆን በቃሉ መካከል ያለውን። ከዚያ ሁለተኛውን ስልክ ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ።

"ላዱማ!" ብለው ጮኹ። ኳስ ዕድሜ መግደያ ነው ባዩ ሽማግሌ፣ በተጎዳ ሳንባቸው። መስኮቱ ላይ ዳቦ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ምን እንደሆነ ሳያውቅ "ላዱማ!" ብሎ ተቀበላቸው፣ አንዷ ሴትዮ በፉጨት አጀበች። ስልኩ ውስጥ ሁሉም ተሰማኝ።

አንድ ደንበኛ ማን እንዳገባ ጠየቀ።

"ወንድማችን ነው" አሉት ጋሼ በሚችሉት እንግሊዝኛ። "ታሞ ነበር፣ እየተሻለው ነው።"